ዳሱ ሳይፈርስ የመጣ እርቅ

በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም.፣ የአቶ ለማ ሰልስት ዕለት ረፋድ ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ዳር ባለው ግቢያቸው በተጣለው ዳስ ውስጥ ከወንዶቹ በኩል ልጃቸው አየለ፣ አብሮ አደጋቸው ጋሼ ተክሌ እና የአካባቢው ሽማግሌዎች ነበሩ። ከሴቶቹ በኩል ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋናዬ፣ ጎረቤታቸው ሐምዲያ፣ እና ትናንት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የደረሰችው የሕግ ተማሪ ልጃቸው ትርንጎ ተቀምጠው ነበር። ፊታውራሪ ደጀኔ አልመጡም። የላኩት ቃል ግን መጥቷል።

ቃሉን ያደረሱት ጋሼ ተክሌ ናቸው። ፊታውራሪው በአቶ ለማ ሞት እጅግ ማዘናቸውን፣ ሟች የመሠረቱባቸው የመሬት ክስ ከሟች በኋላ እንዲቀጥል እንደማይሹ፣ ቤተሰቡ ፈቃዱ ከሆነ ዳሱ ሳይፈርስ እርቅ እንዲወርድ መጠየቃቸውን ቀስ ብለው ተናገሩ። ወንዝ ዳር ያለውን መሬት ፊታውራሪው ይይዙታል። ለቤተሰቡ ደግሞ ከዳገቱ በኩል ምትክ ይሰጣሉ። ሽማግሌዎቹ መልካም ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አየለ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ዝምታው እሺ ማለት እንደሆነ ትርንጎ ከተቀመጠችበት አወቀች።

ጥርሷን ነከሰች። እንባ አልመጣላትም። ትናንት ከአውቶቡስ ወርዳ ግቢው በር ላይ ስትደርስ ሴቶቹ ሁሉ አብረዋት ሊያለቅሱ ብድግ ብለው ነበር። እሷ ግን ዓይኗ እንደደረቀ በመካከላቸው ቆመች። አባቷ የተቀበሩት ሳትደርስ ነው። ለቅሶው ጀምሮ ቆመ፤ ሴቶቹም ግራ ተጋብተው ተቀመጡ። ትምህርት እንባ ያደርቃል እንዴ ብላ አንዷ ስትንሾካሾክ ትርንጎ ሰምታለች።

ሐምዲያ ለማጽናናት ብላ ወሬ ታነሳላት ነበር። የሷሊሕ ሚስት ናት፤ መሬታቸውና የእነ ትርንጎ መሬት ወንዝ ዳር ይዋሰን ነበር። በዚያ ረፋድም ሽማግሌዎቹ በሌላ ነገር ላይ ሲያወሩ ወደ ትርንጎ ጠጋ ብላ፣ ሕግ ማለት አንድ አይደለም ወይ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የሚማሩት ምኑን ነው ብላ ጠየቀቻት። ትርንጎ በአጭሩ መለሰችላት። የሌባና የነፍሰ ገዳይ ሕግ አለ፣ የጋብቻና የፍቺ አለ፣ የነጋዴ አለ፣ የመሬትና የንብረት አለ። ተማሪ በመጨረሻው ዓመት አንዱን መርጦ እሱን ጠልቆ ይማራል። እሷም ለቅሶው አልቆ ስትመለስ የመረጠችውን ማሳወቅ አለባት።

«እንግዲያው የጋብቻውን ያዢ» አለች ሐምዲያ። «የኔ ሰውዬ ሁለተኛ አገባለሁ ያለ ቀን በአንቺ አስፈራራዋለሁ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ወይዘሮ ፋናዬ እንኳ ፈገግ አሉ።

ሐምዲያ በቀልድ ያለችውን አማካሪዋ መምህር ከልቡ ነግሯት ነበር። ለሴት የሚስማማው የቤተሰብ ሕግ ነው ብሏታል። ትርንጎ ግን ልቧ በንግድ ሕግ ላይ ነበር። የነጋዴ ጭቅጭቅ ወረቀት ላይ ይጀምራል፣ ወረቀት ላይ ያልቃል። ድንበር ለመለካት ማሽላ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም። ደም የተቃቡ ሰዎች እርቅ ፍለጋ በአንድ ግቢ ውለው አያድሩም። እሷ ያደገችው እንዲህ ዓይነት ሰዎች በማይጠፉበት ግቢ ነው፤ ምክንያቱም አባቷ አስታራቂ ነበሩ።

በልጅነቷ ለማ ካልተገኘ እርቅ አይወርድም ሲባል ትሰማ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠራቸዋል። ከቆላው ጥግ ድረስ በበቅሎ ይወስዷቸዋል። ሲመለሱ ደክሟቸው፣ ፊታቸው ግን ፈክቶ ነው። እንዴት እንደሚያስታርቁ አንድ ቀን አይታ አታውቅም። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ አትወሰድም።

ያለፈው ገና ለዕረፍት መጥታ ሳለ አባቷ ከሎሚ ዛፎቻቸው ሥር ቦይ ሲጠርጉ አገኘቻቸው። ፊታውራሪው ትራክተር አስመጥተው ወንዙን ይዘው ጥጥ መዝራት ጀምረው ነበር። ድንበሬ በእናንተ ሎሚ ውስጥ ነው የሚያልፈው ስላሉ አቶ ለማ አጣዬ ፍርድ ቤት ከሰዋቸዋል። አባቷ ዶማቸውን ተደግፈው ስንት ዓይነት ሕግ እንዳለ ጠየቋት። ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ የመሬቱን ያዢልኝ አሏት።

«ከአፈር ልላቀቅ ብዬ ነው የተማርኩት፣ አባባ» አለች። «ለክሱ ጠበቃ ይያዙ።»

«አለኝ ብዬ ነበር» አሉ አቶ ለማ፤ ዝቅ ብለውም ውኃውን ወደ ዛፎቹ መለሱት።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም። የቀረውን የነገራት አየለ ነው። ለቀጠሮው አባቱ አጣዬ ሄዱ። ድንበሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት ጋሼ ሷሊሕ እመሰክራለሁ ብለው ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ቀሩ። አቶ ለማ ያለ ምስክር ቆመው፣ ክርክሩ ለመጋቢት ተቀጥሮ፣ በጭነት መኪና ተመለሱ። ወባ ይዟቸው ነበር የገቡት። ሳምንት ሳይሞላቸው አረፉ።

በሰልስቱ ማግስት ጋሼ ሷሊሕ መጡ። ሚስታቸው ከመጀመሪያው ቀን አንስታ ከለቅሶው ቤት አልጠፋችም፤ እሳቸው ግን ከቀብሩ ቀን ወዲያ ብቅ ሲሉ ይህ መጀመሪያቸው ነው። ዳሱ በር ላይ ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለወይዘሮ ፋናዬ አሏህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ አሉና ከወንዶቹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ትርንጎ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። ለቅሶ ላይ ያለች ልጅ ተነስታ ወደ ወንዶቹ አትሄድም። እናቷ ቀሚሷን ያዙ፤ አስለቀቀችና ሄደች።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ የፍርድ ቤቱ መንገድ ጠፍቶዎት የለቅሶው ተገኘልዎ?»

«ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«አልቀመጥም። አባቴን ብቻውን አቁመው ቀሩ። የገደለው ወባ ብቻ አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ጋሼ ሷሊሕ አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፣ ከዳሱ ውጪ ወዳለው ጥላም አመለከቷት። እዚያ ቆመው ነገሯት።

የፊታውራሪው ትራክተር መጀመሪያ የገባው የሷሊሕ ማሽላ ውስጥ ነበር። አምና ነው። ጋሼ ሷሊሕ ሊከሱ ተነስተው ልብሳቸውን አጥበው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው ነበር። አጣዬ ሊሄዱ በተሰናዱበት ጠዋት ሽማግሌዎች ወደ ደጃቸው ሲመጡ አዩ። ከፊታቸው አንድ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። በአገሩ ልማድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ፊት ይንበረከካል፤ ተበዳይ ይቅር ካለ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያነሳለታል። እስካላነሳለት ድረስ ሰውዬው ከጉልበቱ አይነሳም።

«ፊታውራሪው መስሎኝ ነበር» አሉ ጋሼ ሷሊሕ። «ፊታውራሪ ግን ለጭሰኛና ለእስላም ገበሬ አይንበረከክም። ሲቃረብ አየሁት፤ አባትሽ ነው። ፊታውራሪውን ወክሎ ተሸክሞታል። ፀሐዩ ይህን ታውቂያለሽ። ላቡ ጢሙ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሷሊሕ ስለ አሏህ ይቅር በል አለኝ። ከለማ ጋር አንድ ወንዝ ዋኝተን ነው ያደግነው። እንዴት ብዬ እንደዚያ ላቆየው? አነሳሁለት። በዚያው መሬቱም ሄደ። ምትክ ብለው የሰጡኝን ዳገት ሄደሽ እዪው፤ ፍየል እንኳ አያሰማራም።»



እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ ነገሯት። የቃሲምም መሬት እንደዚሁ ሄዷል። የባልቴቷ የመሪያምም እንዲሁ። እያንዳንዱ ደጅ ላይ የተንበረከኩት አቶ ለማ ናቸው። በመጨረሻ ትራክተሩ የራሳቸው ሎሚ ጋ ሲደርስ ግን አቶ ለማ ሽማግሌ አልጠሩም፤ ከሰሱ። ጋሼ ሷሊሕ እመሰክራለሁ ብለው ቃል የሰጡት ለጉርብትናው ሲሉ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን እግራቸው አልሄድ አላቸው።

«የኛን ሲያስታርቅ ኖሮ የራሱን ከሰሰ። ይህ አንጀቴን አሳረረው። እንዲህ እንደሚሞት ባውቅ ወላሂ በጉልበቴም ቢሆን እደርስ ነበር።»

ትርንጎ ወንድሟን ወደ ጓሮ ጠራችው። ይህን ታውቅ ነበር ወይ አለችው። አየለ ሁሉም ሰው ያውቃል አላት። አባታቸው አንዳች ነገር እንዳልተቀበሉ፣ ሰው ተካስሶ መጨረሻው መገዳደል ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ እንደነበር ነገራት። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችው። የእነ ሷሊሕ፣ የእነ ቃሲም መሬት ሲታረስ የእነሱ መሬት እስከ ዘንድሮ ሳይነካ የቆየው ለምንድን ነው? አየለ ትከሻውን ሰበቀና፣ ሞቶ አፈሩ ሳይደርቅ እንዲህ አትበይ አላት።

የሚያናድዳት ይኸው ነበር። አባቷ የዋህ ይሁኑ ወይም እያወቁ ዓይናቸውን የጨፈኑ፣ የምትጠይቀው ሰው የለም። ሁለቱንም ሆነው ሊሆን ይችላል። ሰው በየተራ እየመጣ ደግ ነበሩ፣ ሰላም ወዳድ ነበሩ እያለ ያለቅሳል። እሷ በለቅሶው መሐል እጇን ጨብጣ ተቀምጣ በልቧ ከአባቷ ጋር ትጣላለች። ለምን አልነገሩኝም ትላለች። የመሬቱን ያዢልኝ ሲሉኝ ለማን ነበር፣ ለሎሚው ወይስ ለሷሊሕ? አባቷ ዶማቸውን ተደግፈው ዝም ይላሉ።

ዳሱ በሚፈርስበት ቀን እርቁ መጣ።

ረፋዱ ላይ ሽማግሌዎቹ በሰልፍ ከመንገዱ ታጥፈው ወደ ግቢው ሲገቡ ታዩ። በመካከላቸው አንድ ጎንበስ ያለ ሰው አለ። ነጭ ጋቢው አናቱ ላይ ተጠቅልሎ ፊቱ አይታይም፤ አንገቱ ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተጭኗል። ትርንጎ የፊታውራሪው ቤት አዛዥ መሰላት። ፊታውራሪው ራሳቸው እንዳልሆኑስ ታውቃለች። ሰውዬው መካከል ላይ ደርሶ ሲንበረከክ ጋቢው ተንሸራተተ። ጋሼ ተክሌ ነበሩ።

ጋሼ ተክሌ በጀርባቸው ያዘሏት፣ ወንዙ ሲሞላ ትምህርት ቤት ተሸክመው ያሻገሯት ሰው ናቸው። አየለ ጊዜ አላባከነም፤ ሊያነሳላቸው ወደፊት ተራመደ።

«አትንካው፣ አየለ» አለች ትርንጎ።

 ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ስትናገር ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምራችሁ ይህንን ከሆነ አለና ሳይጨርሰው ተወው። ትርንጎ ወደ መካከሉ ገባች። 

«ከሳሽ ሲሞት ክሱ አብሮት አይሞትም። ወራሹ በቦታው ይገባል። እኔም ወራሽ ነኝ። ወንድሜ ቢታረቅ የሚታረቀው የራሱን ድርሻ ነው። እኔ አልታረቅሁም።»

«ትርንጎዬ» አሉ ጋሼ ተክሌ ከድንጋዩ ሥር። «አንሺልኝ፣ ልጄ። አንገቴ ደከመ።»

«መሬቱን የሚወስደው ሰው የት አለ፣ ጋሼ? እሱ ይምጣና ይሸከም። ያን ጊዜ አነሳለታለሁ።»

«ፊታውራሪ እንዴት ብለው ይንበረከካሉ?»

«እንግዲያው እኔም አላነሳም።»

ማንም የሚያደርገውን አላወቀም። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ በፊቱ ተንበርክኮ ዝም ብሎ የቆመ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። ፀሐይዋ ከዳሱ ጠርዝ አልፋ ጋሼ ተክሌ ጀርባ ላይ ወደቀች። ላባቸው አቧራው ላይ ይንጠባጠባል። ክንዳቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወይዘሮ ፋናዬ ደረታቸውን ይዘው፣ ሽማግሌ ልትገድዪ ነው ወይ አሏት። ሴቶቹም ተቀበሏቸው። አየለ አንድ እርምጃ ሄዶ እህቱን እያየ ይቆማል።

ትርንጎ የገዛ እጇን አታምነውም ነበር፤ ነጠላዋ ሥር ደብቃዋለች። አሁን ገባት። አባቷ ያሸነፉት በንግግር አልነበረም። በአንገታቸው ነበር። ሰው የሽማግሌን አንገት አይቶ አይችልም። አንገቱም የምር ነው፣ ሕመሙም የምር ነው፣ ማንንም አላታለሉም። መሬቱ ግን እያንዳንዱ ጊዜ ወደ አንድ ሰው ይሄድ ነበር። ይህን ስታስብ ንዴቱ እንደገና ተነሳባት፤ እጇም ካለበት ሳይወጣ ቀረ።

ያኔ ጋሼ ሷሊሕ ከጫፉ ተነሱ። በሰዎቹ መሐል ቀስ ብለው አልፈው ጋሼ ተክሌ ፊት ሲደርሱ በርከክ አሉ፣ ቢስሚላህ ብለው ድንጋዩን ከአንገታቸው ላይ አነሱት።

«አንተን ምን አግብቶህ?» አለ አንዱ ሽማግሌ ተቆጥቶ። «የተበደልከው አንተ አይደለህም፤ ማንሳት ያንተ አይደለም።»

«አላገባኝም» አሉ ጋሼ ሷሊሕ ድንጋዩን ደረታቸው ላይ አቅፈው። «ስለዚህ እርቅ አልወረደም። ሽማግሌው ግን ይረፍ።»

ድንጋዩን ይዘው ከግቢው ወጡና ከመንገዱ ማዶ ቁልቁል ለቀቁት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ድንጋዩ ተነስቷልና ታርቀዋል አለ። ሌላው ባዕድ ያነሳው ድንጋይ እንዴት ያስታርቃል ብሎ ተከራከረው። የሚዳኟቸው አቶ ለማ አልነበሩም። ጥቂት ቆይተው በየተራ ወጡ።

ጋሼ ተክሌ እንደተንበረከኩ ቀሩ። ሊነሱ ሞክረው ጉልበታቸው እንቢ አላቸው። ትርንጎ ሄዳ ከጎናቸው ተቀመጠች። ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ቀልቷል፤ ቆዳው ተልጦ አቧራና ላብ ገብቶበታል። በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግላቸው አንገታቸው ከእጇ ሥር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ተሰማት። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። እናቷ በሽክና ቅቤ ይዘው መጥተው ነበር። ቁጣው ከፊታቸው አልጠፋም።

«የአባትሽንም በዚህ ነበር የማሽለት» አሉ ወይዘሮ ፋናዬ፣ ከቅቤውም ቆርሰው መዳፏ ላይ አደረጉላት።

ትርንጎ ቅቤውን በመዳፏ አቅልጣ አንገታቸውን ማሸት ጀመረች። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳሸች ድምፅዋ ወጣ። ሴቶቹ ከመጣች ጀምሮ ሲጠብቁት የነበረው ለቅሶ ነበር፤ አባባ እያለች አለቀሰች። እጇን ግን አላቆመችም። ጋሼ ተክሌም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እንድታሻቸው ተዉዋት።

ከቀትር በኋላ ዳሱ ፈረሰ። በመጋቢት ትርንጎ በአባቷ ቦታ ገብታ አጣዬ ቀረበች፤ ጋሼ ሷሊሕም መሰከሩ። ክርክሩ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ የመሬትና የንብረት ሕግ መምረጧን ለአማካሪዋ ነገረችው። መምህሩ ለአባቷ መታሰቢያ እንደሆነ ጠየቃት። አይደለም፣ አባቷ ከፊታውራሪው ጋር ያስታረቋቸውን ሰዎች ለማካሰስ ነው አለችው።